ሰባቱ ዕፅ እና የእናትሽ ኪኒን

ደብዳቤው

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምሠራው ሪያድ ነው። እናቴ ደሴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋ 63 ነው። ስኳር እንዳለባት ካወቅን ሦስት ዓመት አልፎናል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዞላት ትወስድ ነበር። ሜትፎርሚኑን ሆዴን በጠበጠኝ ብላ ተወችው። አሁን አንድ ባለመድኃኒት የሚያዘጋጁትን፣ ሰባት ዓይነት ዕፅ ያለበት ዱቄት ትጠጣለች። ለዱቄቱ በወር 3,500 ብር የምልክላት እኔ ነኝ። ስትጀምር ዳቦ፣ ስኳርና ማር እንዳትነካ፣ እንጀራም እንድትቀንስ ተነግሯታል። ግሊቤንክላማይዱን አንዳንዴ ትውጣለች። በዚያ ላይ ሽፈራው እንደ ሻይ፣ ጠዋት አብሽ፣ ማታ ጥቁር አዝሙድ አለ። እውነቱን ለመናገር ስኳሯ ወርዷል። ጠዋት ሲለካ 210 የነበረው 120 ገብቷል። ግን ወንድሜ እንደነገረኝ ሁለት ጊዜ ማታ ላይ ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የምትናገረውም ጠፍቶባት ነበር። እሷ ‹ስኳሩ እየወጣልኝ ነው› ትላለች። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ከእነዚህ ዕፆችስ እውነት የሚሠራው የትኛው ነው? የደሴዋ ልጅ»

መልስ

አብሽሪ እኅቴ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የዱቄቱ ነገር አይደለም። የማታው ላብና መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ስለ ዕፆቹ ከማውራታችን በፊት ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ይህን ንገሪልኝ።

እናትሽ ላይ የታየው ስኳር ሲወጣ አይደለም። ስኳር በላብ አይወጣም። ምልክቱ የደም ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ የሚታይ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የንግግር መጥፋት፣ ግራ መጋባት፣ ሁሉም የዚያ ናቸው። ልኬቱ ከ70 በታች ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ አንጎል የሚሠራበትን ምግብ እያጣ ነው። ከፍ ያለ ስኳር አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው በዓመታት ነው። ዝቅ ያለው ግን በአንድ ሌሊት ሰው ሊነጥቅ ይችላል።

እንደገና ከደረሰ ወንድምሽ ወዲያው ይለካቸው። መለኪያው አጠገቡ ከሌለ ሳይለካም ቢሆን ስኳር ይስጣቸው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። «ዜሮ» የሚባለው ለስላሳ ግን ስኳር ስለሌለበት ለዚህ አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገም። ሻል ሲላቸው እንጀራ ወይም ዳቦ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይጨምር፣ ሊያንቃቸው ይችላል። ያኔ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ የሚያስገድድ ኪኒን ነው። ሰው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል። እናትሽ ደግሞ ዳቦውን ትተዋል፣ እንጀራውን ቀንሰዋል። ኪኒኑን በዋጡበት ቀን የሚጠብቀው ምግብ የለም። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስለዚህ ስኳሩ ከፍ ተደርጎ እንኳ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም የሚል ማስታወሻ አለ። በምትኩ የተቀመጠው ግሊክላዛይድ ነው። እናትሽ 63 ናቸው። ይህን ነገር ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር የግድ ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ጋ ይሂዱ። ኪኒኑንም፣ የዱቄቱን ዕቃም ይዘው ይሂዱ። እስከዚያ ዱቄቱ ይቁም። ግሊቤንክላማይዱንም ሐኪም ሳያማክሩ፣ በተለይ ምግብ ሳይቀምሱ፣ አይውሰዱ። ጠዋትና ማታ ይለኩ፣ ቁጥሩም ይጻፍ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስኳሩ ለምን ወረደ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር እዚህ ላይ አለ። ባለመድኃኒቱ ዱቄቱን ብቻ አልሰጡም። ዳቦ፣ ስኳርና ማር ከልክለዋል፣ እንጀራም አስቀንሰዋል። ማንኛውም የስኳር ሐኪም የሚሰጠውን ምክር ነው የሰጡት። እናትሽ የሐኪሙን ምክር አልሰሙ ይሆናል፣ የባለመድኃኒቱን ግን ሰምተዋል። ደሴ ላይ ሻይ እንዴት እንደሚጣፈጥ አንቺም ታውቂዋለሽ። በቀን አራትና አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው ስኳሩን ብቻ ቢያቆም ልኬቱ ላይ ይታያል። ዳቦው ሲጨመርማ በጣም። ለዱቄቱ የተሰጠው ምስጋና ትልቁ ክፍል ለገበታቸው የሚገባ ይመስለኛል።

ሁለተኛው አንዳንዴ የሚዋጠው ግሊቤንክላማይድ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ቢሆንም ይሠራል።

ሦስተኛውን በጥንቃቄ ነው የምናገረው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ «ከዕፅዋት ብቻ» ተብለው ለስኳር የተሸጡ ምርቶችን ሲመረምር ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ሳይጻፍባቸው ገብተውባቸው አግኝቷል። አንዳንድ ሻጭ ዱቄቱ እንዲሠራ ኪኒን ፈጭቶ ይጨምርበታል ማለት ነው። የእናትሽ ባለመድኃኒት እንዲህ ያደርጋሉ አልልም። አላውቃቸውም፣ ሰውም በሐሜት አይፈረድበትም። ግን ዱቄት ጠጥቶ ማታ ማታ ስኳሩ የሚወድቅ ሰው ካየሁ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ አላልፍም። እናትሽ በአንድ በኩል ግሊቤንክላማይድ እየዋጡ፣ በሌላ በኩል ያንኑ ሳያውቁት በዱቄት ቢጠጡስ? ባለመድኃኒቶች ምን እንደቀመሙ አለመናገር የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን አልንቅም። ነገር ግን የእናትሽን ሰውነት የሚያክመው ሐኪም ምን እንደገባበት ማወቅ አለበት።

አራተኛው ራሳቸው ዕፆቹ ናቸው። እዚህ ላይ በደንብ እናውራ፣ ምክንያቱም ሁሉንም በአንድ ላይ ውሸት ነው ማለት ትክክል አይደለም።

ከጠቀስሻቸው ሁሉ ለእኔ ሚዛን የሚያነሳው አብሽ ነው። ፍሬው ውስጥ ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ የሚያብጥ ጭረት (ፋይበር) አለ። ያ ሙጫ አንጀት ውስጥ ምግቡን ይይዘውና ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸው ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል፦ የጠዋት ስኳር በመጠኑ ይወርዳል። ጥናቶቹ ላይ የተሰጠው መጠን በአብዛኛው በቀን ከ5 እስከ 25 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት እዚህ መካከል ይወድቃል።

ግን እኛ ቤት አብሽ እንዴት ነው የሚጠጣው? ዱቄቱ ይዘፈዘፋል፣ ምሬቱ እንዲወጣ ላይ ላዩ ውሃ ይደፋል፣ ይመታል፣ ከዚያ ማር ወይም ስኳር ይገባበታል። ጁስ ቤት ደግሞ ከሎሚና ከስኳር ጋር ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ያመጣውን ጥቅም መልሶ መውሰድ ነው። እናትሽ አብሹን ያለማር፣ ዱቄቱን ራሱን ከነጭረቱ፣ ከምግብ ጋር ቢወስዱት ይሻላል። አጥልለው ውሃውን ብቻ ከጠጡ ሙጫው እዚያው ማጥለያው ላይ ቀረ። በትንሹ ይጀምሩ፣ አለበለዚያ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ሙጫው ኪኒንንም ሊይዝ ስለሚችል በአብሹና በመድኃኒታቸው መካከል አንድ ሁለት ሰዓት ይኑር። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አብሽም ላይስማማው ይችላል። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። ነፍሰ ጡር ሴት አብሽን እንደ መድኃኒት በብዛት መጠጣት የለባትም። ይህን ለአንቺም፣ ለእኅትሽም፣ ለጎረቤትም ነው የምለው።

ጥቁር አዝሙድ ላይ እናትሽ ጠንካራ እምነት እንዳላቸው እገምታለሁ። ከሞት በቀር ለሁሉም ፈውስ ነው የሚለው ሐዲስ ያልተሰማበት የወሎ ቤት ጥቂት ነው። እምነታቸውን የሚነካ ነገር አልናገርም። ደስ የሚለው ነገር ጥቁር አዝሙድም በሰው ላይ ተጠንቷል፣ በቀን 2 ግራም አካባቢ፣ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ ሲወሰድ የጠዋት ስኳርም፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ስኳር የሚያሳየው ልኬትም ዝቅ ብሎ ታይቷል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ኪኒናቸውን አላቆሙም። አዝሙዱ የተሰጣቸው በኪኒኑ ላይ ተጨምሮ ነው። ታከሙ የሚለውም ሐዲስ አለ፣ እናትሽ ያውቁታል። አዝሙዱ ኪኒኑን ይተካል የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ የለም።

ሽፈራውን እወደዋለሁ፣ እንደ ምግብ። ኮንሶና ጋሞ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ከኩርኩፋ (ከዱቄት ተድቦልቡሎ ከሚቀቀል ምግብ) ጋር ይበሉታል። ለዘመናት የበሉት ነገር ነው። በቅጠልነቱ ብረትም ፕሮቲንም አለው፣ በእንጀራ ፋንታ ሳህን ላይ ቦታ ቢይዝ ደግሞ ያን ያህል ስታርች ቀነሰ ማለት ነው። ነገር ግን ዓለም ላይ ብዙ ጥናት የተደረገበት የህንዱ ሽፈራው ነው፣ የእኛው የደቡቡ ሌላ ዝርያ ነው። በህንዱም ቢሆን በሰው ላይ የተገኘው ውጤት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። እንደ ሻይ መጠጣቱ ብዙ ጉዳት የለውም። ሥሩንና ልጡን ግን እንዳይነኩ፣ መርዛማ ናቸው። ስኳር ለማውረድ ብቻ ብላችሁ በውድ ዋጋ የታሸገ የሽፈራው ዱቄት አትግዙ። ቅጠሉ በርካሽ ከተገኘ ይብሉት።

ስለ ቀረፋ አልጠየቅሽም፣ ግን ሰባቱ ውስጥ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ጥናቶቹ አይስማሙም። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ወፍራም ልጥ ያለው ካሲያ የሚባለው ሲሆን ኩማሪን የተባለ ነገር አለበት። ኩማሪን በብዛት ከተወሰደ ጉበት ይጎዳል። ሻይ ላይ ጣል ማድረግ ሌላ ነው፣ በማንኪያ መጠጣት ሌላ። ሬትም ሰባቱ ውስጥ ካለ ንገሪኝ። ቢጫው ፈሳሽ ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም አጥቦ ያወጣል። ለልብ አደገኛ ነው።

ግራዋና ሌሎች መራራ ቅጠሎች ላይ የሚነገረው ሁሉ የሚያርፈው አንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ መራራ ነገር ጣፋጩን ያሸንፈዋል። ብዙ እናቶች እንዲህ ያምናሉ፣ ስሜት የሚሰጥም ይመስላል። ግን ጣዕም የሚያበቃው ምላስ ላይ ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከጣፋጭ ብቻ አይመጣም። ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከሩዝ፣ ከድንች ይመጣል። ሌሊት ማንም ሳይበላ ጉበት ራሱ እየሠራ ይለቀዋል። እናትሽ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው 210 ያገኙት ሌሊት ማር ስለበሉ አይደለም። ጉበታቸው ነው። ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ይህን የጉበት መልቀቅ መግታት ነው። መራራ ቅጠል ይህን ያደርግ እንደሆነ በሰው ላይ በመለካት እንጂ በመቅመስ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ታያለሽ። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአገር ዕፅዋት ላይ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ክብር የሚገባው ሥራ ነው። አብዛኛው ግን በአይጥ ላይ ነው። አይጧ አሎክሳን በሚባል ኬሚካል ቆሽቷ ይጎዳል፣ ከዚያ የቅጠሉ ጭማቂ ይሰጣታል፣ ስኳሯ ይለካል። ይህ የመጀመሪያው በር ነው። አይጥ ላይ ሠርቶ ሰው ላይ ያልሠራ፣ ወይም ሰው ላይ ጉበት የጎዳ ነገር ብዙ ነው።

እናትሽ «ኪኒን ኬሚካል ነው፣ ዕፅ ግን የፈጣሪ ነው» ብለው ይሆናል። ይህን ታሪክ ንገሪያቸው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አለ። ከጥንት ጀምሮ ሽንት ሽንት ለሚላቸው ሰዎች ይሰጥ ነበር። በጎች ሲበሉት ግን ይሞቱ ነበር። ተመራማሪዎች ውስጡ ስኳር የሚያወርድ ነገር እንዳለ አወቁ፣ ግን እንዳለ ሲሰጥ መርዝነቱ በዛ። የእሱ ዘመድ የሆነ፣ ሰው የሚችለው ነገር በ1922 በደብሊን ተሠራ። በ1957 ደግሞ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለሕመምተኞች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ያ መድኃኒት ሜትፎርሚን ነው። እናትሽ ሆዴን በጠበጠኝ ብለው የተዉት ኪኒን መነሻው ቅጠል ነው። ልዩነቱ፣ መርዙ ተለይቶ ወጥቶለታል፣ በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው መጠን ይታወቃል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችም ለብዙ አስርት ዓመታት ወስደውታል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ዕፅዋትን የምፈራ ሰው ግን አይደለሁም። የተማርኩት ትምህርት ግማሹ ከዕፅዋት ነው የመጣው። የማምነው ይህን ነው፦ አንድ ቅጠል እውነት ስኳር የሚያወርድ ከሆነ መድኃኒት ነው፣ ስለዚህ እንደ መድኃኒት ልክ ያስፈልገዋል። ልኩ ያልታወቀ መድኃኒት ደግሞ አንድ ቀን ያንሳል፣ ሌላ ቀን ይበዛል። የእናትሽ የማታ መንቀጥቀጥ የዚህ ውጤት ሊሆን ይችላል።

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር በጣም ያሳስበኛል። ኮሶ ከተፈጥሮ ነው። ከልኩ በላይ ጠጥቶ ዓይኑ የጠፋ ሰው መኖሩን ትልልቆቹ ያውቃሉ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ሲሞቱ ቆይተው፣ በኋላ ሲጣራ ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ሆኖ ተገኝቷል። ማንም መርዝ አልሰጣቸውም። ማሳ ላይ የበቀለ ነገር ነው። ስለዚህ እናትሽ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። ዱቄቱን ለወራት ጠጥተዋልና።

እዚያው የሦስት ወሩን ስኳር፣ ኤዋንሲ የሚባለውን፣ ያሠሩ። የጠዋቱ 120 የዚያን ጠዋት ብቻ ይናገራል። ኤዋንሲ ያለፉትን ሦስት ወራት ይናገራል። 7 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ከሆነ በእሳቸው ዕድሜ መልካም ነው፣ በተለይ ስኳሩ የሚወድቅበት ሰው ላይ ሐኪሞች በጣም ዝቅ እንዲል አይገፉትም። 9 እና 10 ከሆነ የጠዋቱ 120 እያታለላቸው ነበር ማለት ነው።

ሜትፎርሚኑን ደግሞ ተስፋ አትቁረጡበት። ሆድ መበጥበጡ የታወቀ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በባዶ ሆድ ሲዋጥ ወይም ከመጀመሪያው በትልቅ መጠን ሲጀመር ነው። በ500 ሚሊግራም፣ ከእራት ጋር ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ቢጨመር ብዙ ሰው ይለምደዋል። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነትም አለ፣ ለሆድ ይቀላል። ኩላሊታቸው ደህና መሆኑ ይታይ፣ ከዚያ ሐኪሙ ይወስን። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንደ ግሊቤንክላማይድ አይጥልም። ይህ ለእናትሽ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ከባዱ። እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ?

«አጭበርብረውሽ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ዱቄቱን ያጡ ሳይሆን የተዋረዱ ይመስላቸዋል፣ ስልኩን ዘግተው ዱቄቱን ይቀጥላሉ። እናትሽ እኮ ጤናቸውን ለመጠበቅ ነው የተነሱት። ዳቦውን ትተዋል፣ ሻዩን ያለስኳር ጠጥተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ በርቺ በያቸው። ከዚያ ስምምነት አቅርቢላቸው። አብሹ ያለማር ይቀጥል። ጥቁር አዝሙዱም በሻይ ማንኪያ ይቀጥል። ሽፈራው ካማራቸው ቀቅለው ይብሉ። የማይታወቀው ዱቄት ብቻ ሐኪም እስኪያይ ይቆይ። ሁሉንም ካልነጠቅሻቸው አንዱን ለመተው ይቀላቸዋል። ሐኪሙም ፊት «ባህላዊ ነገር እጠቀማለሁ» ብለው በግልጽ እንዲናገሩ ንገሪያቸው። ብዙ እናቶች ይቆጡናል ብለው ይደብቃሉ። ሐኪሙ ካላወቀ መጠን ሲጨምር በጨለማ ነው የሚጨምረው።

ወንድምሽ ደብተር ይያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የበሉት። ሁለት ሳምንት የተጻፈ ደብተር ከረጅም ክርክር ይሻላል። አንድ ሳምንት በአብሽ፣ አንድ ሳምንት ያለአብሽ ይለኩና ራሳቸው ይዩት። ኪኒኑ ግን በሁለቱም ሳምንት አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ምኑ እንደሠራ አይታወቅም።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም፣ እናትሽ መንገዱን ይዘውታል። ጤፍ ነው ብለው ግን እንጀራ እንዳያበዙ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ስታርችነቱ ግን አይቀርም። አንድ እንጀራ ከብዙ ምስርና ጎመን ጋር ከሁለት እንጀራ ከትንሽ ሽሮ ጋር ይሻላል። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሰፈሩን ይዙሩ። ይህን እንደ ቀልድ አትይው። በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር ሊይዛቸው በተቃረቡ ሰዎች ላይ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴና መጠነኛ ክብደት መቀነስ በሽታውን በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሜትፎርሚን በዚያው ጥናት ላይ 31 በመቶ ነበር የቀነሰው።

ስለ ረመዳንም ላንሳ፣ ስለማይቀር። እናትሽ መጾም ከፈለጉ ከጾሙ አንድ ሁለት ወር ቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይቀየራል። እንዳሁኑ ስኳራቸው ማታ ማታ እየወደቀ ከሆነ ግን መጾም አደገኛ ነው፣ መጀመሪያ ይህ ይስተካከል። በጾም ላይ ሳሉ ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያስፈታም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ግን ያን ቀን ማፍጠር አለባቸው። ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ፈቃድ ሰጥቷል።

የምትልኪው 3,500 ብር ነገር ቀረ። ገንዘቡን አታቁሚ፣ ቦታውን ቀይሪ። መለኪያ ከሪያድ ልግዛ ብለሽ ካሰብሽ ግን አስቢበት። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱን ስትሪፕ፣ ደም የሚነካበትን ቁራጭ፣ ነው የሚቀበለው። ደሴ ላይ ስትሪፑ ካልተገኘ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ወንድምሽ መጀመሪያ መድኃኒት ቤቶች ዞሮ የትኛው ስትሪፕ ሁልጊዜ እንደሚገኝ ይጠይቅ፣ ከዚያ ያንን ስትሪፕ የሚቀበል መለኪያ ይግዛ። የቀረው ለኤዋንሲ፣ ለኩላሊትና ለጉበት ምርመራ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ለዓይን ይሁን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆኑ ደግሞ ቀበሌው የምዝገባ ጊዜውን ይንገራቸው።

በመካከሉ እግራቸውን ይዩ። ወንድምሽ በየማታው ያያል፣ በጣቶቹ መካከልም። ቁስል ካለ፣ ባያምም፣ ቅጠል አይለጠፍበትም፣ ጤና ጣቢያ ነው። ስኳራቸው ከ300 በላይ ሆኖ ካስመለሳቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ማንንም አታማክሩ፣ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

የኤዋንሲው ውጤት ሲመጣ ከሰባቱ ዕፆች ስም ጋር ጻፊልኝ። ባለመድኃኒቱ ስማቸውን ከነገሯቸው ማለቴ ነው። አንድ በአንድ እናያቸዋለን።